ፒያሳ ላይ ስቱዲዮ ስለመከራየት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፒያሳና ዙሪያው አነስተኛ ቤት የሚፈልጉ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

ፒያሳ ሲባል ከየት እስከ የት ነው?

የተሰመረ ድንበር የለውም። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንና ከምኒልክ አደባባይ ተነስታችሁ፣ በወርቅ ቤቶቹና በሲኒማዎቹ በኩል አልፋችሁ፣ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ እስክትወርዱ ያለው ሁሉ ፒያሳ ነው። ቤት ሲፈለግ ግን ሰው ሰፋ አድርጎ ደጃች ውቤ ሰፈርን፣ ገዳም ሰፈርን፣ ሠራተኛ ሰፈርን፣ አንዳንዴም እስከ አራት ኪሎ ያለውን ይጨምርበታል። ፒያሳ የሚለው ስም የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ሰፈሩ አራዳ ነበር፤ ትልቁ ገበያም ጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም ነበር። ጣሊያኖች ናቸው ገበያውን ወደ መርካቶ ያዞሩት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ አካባቢ የነበሩ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል። ሰው አሁንም በድሮ ምልክት ነው አቅጣጫ የሚናገረው። "ከእንትና ምግብ ቤት ጀርባ" ተብላችሁ ብትሄዱ ምግብ ቤቱም ጀርባውም የለም። ስለዚህ በስልክ ቦታ ስትጠይቁ ዛሬ ቆሞ ባለ ነገር ይንገሯችሁ።

ስቱዲዮ ብዬ ብጠይቅ ምን ዓይነት ቤት ነው የማገኘው?

ቃሉ አንድ ነው፣ ቤቱ ግን ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ነው። መኝታና ሳሎን ያልተለየበት አንድ ክፍል ነው፤ የራሱ ሽንት ቤትና ትንሽ ማብሰያ ቦታ አለው። ፒያሳ መሃል ላይ ብዙም አይገኝም። ወደ አራት ኪሎና ግንፍሌ በኩል መፈለግ ይሻላል።

ሁለተኛው የድሮ ፎቅ ውስጥ ያለ ክፍል ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ረጅም፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ወለሉ ጣውላ። ሰው ፒያሳ መኖር አለብኝ ብሎ የሚመጣው ለዚህኛው ነው። እኔም ልቤ ያለው እዚህ ነው። ነገር ግን ሽንት ቤቱ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ለአራት ቤት የጋራ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ነው። ደላላ ስቱዲዮ የሚለው ብዙ ጊዜ ይሄንን ነው። መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ግቢው ሰላማዊ ከሆነና ባለቤቶቹ ደህና ሰዎች ከሆኑ ከሁሉም የሚመቸው እሱ ሊሆን ይችላል። ብቻ ታክሲ ከፍላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት በስልክ አንድ ነገር ጠይቁ፤ "ሽንት ቤቱና ውሃው የግል ነው የጋራ?"

ኪራዩ በምን ይወሰናል?

በካሬ አይደለም። ፒያሳ ላይ ዋጋ የሚያወጣው የግል ሽንት ቤት፣ የግል ቆጣሪ፣ የግል መግቢያ በር እና ውሃ የማይቋረጥበት ቤት ነው። እነዚህ አራቱ ያሉት ጠባብ ክፍል እነሱ ከሌሉት ሰፊ ክፍል ይበልጣል። ከዋናው መንገድ መቅረቡም ይጨምራል፤ ለሱቅ ወይም ለቢሮ የሚፈልገው ሰው ይሻማዋልና። ወደ ውስጥ አንድ ሁለት መታጠፊያ ስትገቡ ዋጋው ቶሎ ይወርዳል፣ ጸጥታውም ይጨምራል።

የሰፈሩን ዋጋ ለማወቅ በአንድ ቀን ቢያንስ ሦስት ቤት እዩ። ከዚያ ግቢ ውስጥ ያለ ተከራይ አግኝታችሁ "እናንተ ስንት ትከፍላላችሁ?" በሉ። አብዛኛው ሰው ሳይደብቅ ይነግራችኋል።

በደላላ ልፈልግ ወይስ በራሴ?

ሁለቱንም ሞክሩ፤ በራሳችሁ ግን ጀምሩ። ፒያሳ አሁንም ሰው ከሰው የሚተዋወቅበት ሰፈር ነው። የጀበና ቡና የምታፈላዋ ልጅ፣ ሊስትሮው፣ የሱቁ ጋሼ የትኛው ክፍል ሊለቀቅ እንደሆነ ከደላላ ቀድመው ያውቃሉ። ሁለትና ሦስት ቀን አንድ ቦታ ቡና ጠጡ። ቤት ፈላጊ መሆናችሁን ተናገሩ። እኔ አሁን ያለሁበትን ቤት ያገኘሁት እንዲህ ነው።

በደላላ ከሆነ ኮሚሽኑን ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ቁረጡ። ስንት እንደሆነ፣ ማን እንደሚከፍል፣ መቼ እንደሚከፈል። ውል ሳይፈረም ኮሚሽን አትስጡ። ቤት ለማሳየት ብቻ ገንዘብ የሚቀበል ደላላ ካጋጠማችሁ ተዉት፤ እሱ የሚኖረው በማሳየት እንጂ በማከራየት አይደለም። ሁለት ደላሎች አንዱን ቤት "እኔ ነኝ ያሳየሁት" ብለው የሚጣሉበት ጊዜም አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ያሳያችሁ ማን እንደሆነ በመልእክት ያዙ።

ቤቱን ሳይ ምን ምኑን ልመልከት?

መጀመሪያ ወደ ላይ እዩ። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ክብ ምልክት ካለ ጣሪያው ያፈሳል። ቤት የሚታየው በጥር፣ የሚለቀሰው በሐምሌ ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ ኮርኒስ ደግሞ ይበልጥ ያጠራጥራል፤ እዚያ ላይ ጠጋ በሉና አሽትቱ። እርጥበት ይሸታል። ከቻላችሁ በክረምት ፈልጉ። ሲዘንብ ደውላችሁ "አሁን መጥቼ ልየው" ማለት ነውር የለውም።

ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ። እነዚህ ቤቶች ሲሠሩ አንድ አምፖልና አንድ ሬዲዮ ታስቦ ነው። ዛሬ በዚያው ሽቦ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ የውሃ ማሞቂያ እንሰካለን። ሶኬቱ ላይ የቃጠሎ ጥቁረት ካለ፣ ማብሪያውን ስትነኩ የሚጮህ ድምፅ ካለ፣ ሽቦው በጨርቅ የተጠቀለለ የድሮ ሽቦ ከሆነ አከራዩ እንዲቀይረው ቅድመ ሁኔታ አድርጉ። ወለሉም ደረጃውም ኮርኒሱም እንጨት ነው። በጥር 2007 ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ያየ ሰው ይሄን ቀልድ አያደርገውም። በ1898 ዓ.ም. የተሠራው፣ የሀገሪቱ የመጀመሪያው ሆቴል፣ በአንድ ቀን ስንቱን ነገር አጣ። እናንተም ክፍሉ ሌላ መውጫ እንዳለው፣ መስኮቱ ላይ ያለው ብረት የሚከፈት መሆኑን እዩ።

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ስለዚህ "ውሃ አለ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ "አለ" ነው። "በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? በየትኛው ሰዓት? ሮቶ አለ? ሮቶው የማን ነው?" በሉ። ሮቶው የባለቤቱ ብቻ ከሆነ እናንተ በጀሪካን ናችሁ። ፎቅ ከሆነ ግፊቱ እስከ እናንተ መድረሱን ቧንቧ ከፍታችሁ ሞክሩ።

ደረጃውን በእጃችሁ ዕቃ ይዛችሁ ውጡት። የጣውላው ወለል ሲረገጥ የሚወዛወዝበት ቦታ ካለ አስተውሉ። አልጋችሁና ፍሪጃችሁ በዚያ በር ይገባ እንደሆነ ለኩ፤ የድሮ ደረጃ መታጠፊያው ጠባብ ነው። በመጨረሻም ቤቱን ሁለቴ እዩት፤ አንዴ በቀን፣ አንዴ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ።

ጫጫታውስ?

አለ። ግን ዓይነቱን ለዩ። ጊዮርጊስ አጠገብ ከሆናችሁ ማለዳ ቅዳሴ ትሰማላችሁ፤ ወር በገባ በ23 ደግሞ ሰው ይበዛል፣ መንገዱም ይጨናነቃል። ይሄ ለብዙዎቻችን ጫጫታ አይደለም። እኔ በዚህ ድምፅ ነው የምነቃው፣ ሌላ ሰፈር ሳድር ይናፍቀኛል። ለማይወደው ሰው ግን ቀድሞ ይነገረው።

የሚያስቸግረው የሌሊቱ ሙዚቃ ነው። ከናንተ በታች ወይም ከግድግዳው ማዶ ቡና ቤት ካለ ወፍራሙ ግድግዳ አያድናችሁም። ድምፁ በወለሉ ነው የሚመጣው። ለዚህ ነው ዓርብ ማታ መጥታችሁ እዩ የምለው።

መኪና የት አቆማለሁ?

አብዛኛው የድሮ ቤት ማቆሚያ የለውም። የአዳር ቦታ ከባለ ግቢ ተነጋግራችሁ ለብቻ ትከራያላችሁ። መኪና የግድ የሚያስፈልጋችሁ ሰዎች ከሆናችሁ ይሄን ወጪ ኪራዩ ላይ ደምራችሁ አስቡት።

ውል በጽሑፍ መሆን የግድ ነው? እስከ ዛሬ በቃል ነበር የምንከራየው።

የግድ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ ቢያንስ የሁለት ዓመት ይሆናል፤ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥም ይመዘገባል። አዲስ አበባ ላይ ምዝገባው በወረዳ ደረጃ ነው። አከራይና ተከራይ መታወቂያ ይዘው ይቀርባሉ። ኪራዩም የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው፣ ቴሌብርን ጨምሮ። ገስት ሀውስና ሆቴል በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። ስለዚህ "በወር የሚከፈል ገስት ሀውስ" ከያዛችሁ ይሄ ጥበቃ አለኝ ብላችሁ አትዘናጉ።

ሁለት ዓመቱ ተከራይን የሚያስር የሚመስለው ሰው አለ። እኔ እንደ ጥላ ነው የማየው። "ልጄ ሊያገባ ነው፣ በሁለት ሳምንት ልቀቁልኝ" የሚለውን የቆየ ንግግር የሚያስቀረው እሱ ነው። አከራዩ በመሃል ሊያስወጣችሁ የሚችለው ሕጉ በሚያውቃቸው ምክንያቶች ነው፤ ኪራይ አለመክፈል፣ ቤቱን ለሌላ ሥራ ማዋል፣ ማበላሸት፣ ጎረቤት ማወክና የመሳሰሉት። እናንተ በመሃል መልቀቅ ብትፈልጉ ምን ያህል ቀድማችሁ እንደምታሳውቁ ውሉ ላይ በግልጽ አስጽፉ።

አንድ ነገር ጨምሩ። የገባችሁ ቀን የእያንዳንዱን ግድግዳ፣ የሶኬቱን፣ የቧንቧውን ፎቶ አንሱ። ለአከራዩም በዚያው ቀን በቴሌግራም ላኩለት። የድሮ ቤት ስንጥቅ ብዙ ነው። ስትወጡ ስንጥቁን ማን እንዳመጣው ክርክር አይኖርም።

የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈል ተባልኩ። ልክፈል?

አዋጁ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ማስከፈልን ይከለክላል። ፒያሳ ላይ ግን አሁንም ሦስትም ስድስትም የሚጠይቅ አለ። በትሕትና ሕጉን አስታውሱት። "ጋሼ፣ ውሉ ወረዳ ሲመዘገብ ከሁለት ወር በላይ አይቀበሉንም" ማለት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ጠብ አያስፈልገውም። እንቢ ካለ ሌላ ቤት እዩ፤ የመጀመሪያውን ሕግ የጣሰ አከራይ ሁለተኛውንም ይጥሳል።

ቤቱን ለማስያዝ ቀብድ መስጠት ካለባችሁ በጥሬ ገንዘብ አትስጡ። በባንክ አስገቡ፣ ምክንያቱ ላይ "የቤት ኪራይ ቀብድ" ብላችሁ ጻፉ።

ኪራይ መቼ መቼ ነው የሚጨመረው?

በዓመት አንዴ ነው። መጠኑም ተቆጣጣሪው አካል ካወጣው መጠን ማለፍ የለበትም። "ኑሮ ተወደደ" ብሎ በየአራት ወሩ መጨመር ቀርቷል ማለት ነው። ጭማሪ ሲነገራችሁ በአፍ ብቻ አትቀበሉ። በጽሑፍ ጠይቁና ወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አመሳክሩ።

አሮጊት ባለቤት ካላችሁ፣ ከዚያች ከአንድ ክፍል ኪራይ በቀር ገቢ የሌላቸው እማማ ከሆኑ፣ ሕጉ ከሚለው ውጪ በመተሳሰብ የምትጨምሩት ነገር የናንተ ጉዳይ ነው። ፒያሳ ላይ እንዲህ ያሉ እናቶች ብዙ ናቸው። መድኃኒት ገዝቶ መምጣት፣ ወረፋ መያዝ፣ ከኪራይ የበለጠ ያስተሳስራል።

አከራዬ ምጣድ አይሰካም ይላል። መብት አለው?

ውሉ ላይ ከጻፈውና ከፈረማችሁ አለው። ብዙ ጊዜ ክፋት አይደለም። ምጣድ ብዙ ኃይል ይስባል፤ ግቢው በአንድ ቆጣሪ ከሆነ ደግሞ ከእናንተ ጋር አምስት ቤት ይጠፋል። ከላይ ያልኩትን የሽቦ ነገር አስታውሱ።

መፍትሔው የግል ቆጣሪ ያለው ቤት መፈለግ ነው። የጋራ ቆጣሪ ከሆነ ሂሳቡ እንዴት እንደሚካፈል ውሉ ላይ ይግባ፤ በሰው ቁጥር ነው፣ በቤት ነው፣ ወይስ ንባብ በሚያሳይ ትንሽ ቆጣሪ? የካርድ ቆጣሪ ከሆነም ካርዱን ማን እንደሚያስሞላ ይታወቅ። በጋራ ቆጣሪ የተጣሉ ጎረቤታሞችን ያህል የትም አላየሁም።

የቀረ የመብራትና የውሃ ዕዳ ቢኖርስ?

ከመግባታችሁ በፊት የመጨረሻውን የተከፈለ ደረሰኝ አሳዩኝ በሉ። የገባችሁበትን ቀን የቆጣሪ ንባብ ፎቶ አንሱ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ውሉ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ ጽፈን ቀሪውን በእጅ ስጠኝ ይላል። ምን ችግር አለው?

ይሄ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣል። አከራዩ የኪራይ ገቢ ግብር ለማሳነስ ነው። ለእናንተ ግን ጥቅም የለውም። በእጅ የሰጣችሁት ገንዘብ ማስረጃ የለውም። ነገ "አልከፈለኝም" ቢል በባንክ ያለው ግማሹ ብቻ ነው። ቅድሚያ የሰጣችሁት ቢጠየቅም የሚመለስላችሁ ውሉ ላይ ያለው ነው። ሐሰተኛ ውል ላይ የፈረማችሁም እናንተ ናችሁ።

አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው ቤቱን ስለወደደው ነው። ይገባኛል። ያ ረጅም መስኮት፣ ከታች የሚታየው አደባባይ፣ እጅ ያሰጣል። ቢሆንም በዚህኛው አትስማሙ። ሁሉም ብር በባንክ ይግባ።

ቤቱ የቀበሌ ቤት ነው አሉኝ። ብከራየው ምን ይሆናል?

ፒያሳ ላይ ከዋጋም ከውሃም በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ "ቤቱ የማን ነው?" የሚለው ነው። ታሪኩን ካላወቃችሁ ግን ለምን እንደሆነ አይገባችሁም።

በሐምሌ 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ፒያሳ ደግሞ የሚከራይ ቤት የሞላበት ሰፈር ነበር። የአርመኖች፣ የግሪኮች፣ የሕንዶች፣ የመኳንንቱ፣ የነጋዴው ቤት ሁሉ እዚህ ነበር። ወርሃዊ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ወደ ቀበሌ ሄደ፤ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ መንግሥቱ የኪራይ ቤቶች ድርጅት። ለዚህ ነው ዛሬ የምታዩት የሚያምር አሮጌ ቤት ብዙ ጊዜ የግለሰብ ያልሆነው። በውስጡ ያለው ቤተሰብ ሃምሳ ዓመት ቢኖርበትም ተከራይ ነው። ለመንግሥት የሚከፍለው ኪራይ ደግሞ ከገበያው ጋር አይነጻጸርም። ከክፍሎቹ አንዱን በገበያ ዋጋ ለእናንተ ቢያከራይ የሚያገኘው ይታያችሁ። ፈተናው ከዚህ ይመጣል።

የቀበሌ ቤት ተከራይ ለሦስተኛ ወገን ማከራየት አይፈቀድለትም። ወረዳው ካወቀ ቤቱን ሊነጥቀው ይችላል። እናንተም የሚመዘገብ ውል አይኖራችሁም፤ ስለዚህ ከላይ የጻፍኩት የሁለት ዓመትና የቅድሚያ ክፍያ ጥበቃ ሁሉ ይቀራል። እኔ ደርሶብኛል። ሃያዎቹ ዕድሜዬ ላይ ጣሪያው ከፍ ያለ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ያከራየኝ ሰው "የቤተሰብ ቤት ነው" አለኝ፣ አመንኩት። የሁለት ወር ቅድሚያ በእጁ ሰጠሁ። በሰባተኛው ወር ለቤት ቆጠራ ሰዎች መጡ። በዚያው ሳምንት "የአክስቴ ልጅ ነኝ በል" አለኝ። መዋሸት አልቻልኩም። በአሥር ቀን ዕቃዬን ጠቅልዬ ወጣሁ፣ ቅድሚያውም እዚያው ቀረ። የምከሰው ነገር አልነበረኝም፤ ውል የለ፣ ደረሰኝ የለ።

እንዴት ታውቃላችሁ? አከራዩ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። በካርታው ላይ ያለው ስምና መታወቂያው ላይ ያለው አንድ ይሁን። "ካርታው ባንክ ነው" ካለ ኮፒ ይኖረዋል። ኮፒም ከሌለው የቤት ግብር የከፈለበት ደረሰኝ አለ። ሁሉም ከሌለ ለጎረቤት "ይሄ ቤት የቀበሌ ነው የግል?" በሉ። በፒያሳ ይሄን የማያውቅ ጎረቤት የለም።

ባለቤቱ አሜሪካ ነው፣ የሚያከራየው ወንድሙ ነው። ልፈርም?

ይሄ በጣም የተለመደ ነው፤ በተለይ ኮንዶሚኒየም ላይ። ወንድም መሆን ግን ሥልጣን አይሰጥም። ውክልና ያስፈልጋል። ውክልናው ውጭ ሀገር ከተሰጠ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል መጥቶ እዚህ በሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበ መሆን አለበት። ሰነዱን ስታነቡ "ለማከራየት፣ ኪራይ ለመቀበል" የሚል ቃል መኖሩን እዩ። አንዳንዱ ውክልና ለመሸጥ ወይም ለፍርድ ቤት ብቻ የተሰጠ ነው።

ከተቻለ ባለቤቱን በቪዲዮ አንድ ጊዜ አነጋግሩ። ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ዋጋውን ከራሱ አፍ ስሙ። ወንድሙ ቅር ካለው ያ ራሱ መልስ ነው። ባለቤቱና ወኪሉ በኪራዩ ተጣልተው ተከራይ መሃል ላይ ሲንገላታ ደጋግሜ አይቻለሁ። ገንዘቡ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ የማን እንደሆነም ውሉ ላይ ይጻፍ።

ቤቱ ቅርስ ነው ተባለ። ግድግዳ መብሳት፣ ቀለም መቀባት እችላለሁ?

በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ከሆነ እናንተም አከራዩም እንደፈለጋችሁ አትነኩትም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ይፈልጋል። ግድግዳ አፍርሶ ሽንት ቤት ማስገባት፣ የእንጨቱን መስኮት አውጥቶ አሉሚኒየም መግጠም፣ የእንጨት በረንዳውን በብሎኬት መዝጋት ዝም ብሎ አይሠራም። አከራዩ "ግባና እንደፈለግክ አድሰው፣ ከኪራዩ ይታሰብልሃል" ካላችሁ መጀመሪያ ቤቱ የተመዘገበ መሆኑን አጣሩ።

ያልተመዘገበም ቢሆን እባካችሁ ራሩለት። እነዚያ የተጠረቡ የእንጨት ጌጦች፣ የበረንዳው ክፈፍ፣ የድሮው የወለል ጣውላ ዛሬ የሚሠራቸው ባለሙያ ማግኘት ከባድ ነው። የጭቃ ግድግዳ በድሪል ሲበሳ ይረግፋል። መደርደሪያ ከፈለጋችሁ መሬት ላይ የሚቆም ግዙ። በውስጡ ያለው ጭቃ እንዲተነፍስ የድሮውን የኖራ ቀለም በፕላስቲክ ቀለም አትሸፍኑት፤ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ይይዘውና ግድግዳው ይነሳል። ይሄን ከአንድ አናጢ ነው የተማርኩት፣ ቤታችን ሦስት ጊዜ ተቀብቶ ሦስት ጊዜ ከተላጠ በኋላ።

ሰፈሩ ሊፈርስ ነው የሚል ወሬ አለ። ብገባ ምን ዋስትና አለኝ?

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ከ2016 ወዲህም የማይጠይቀኝ የለም። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ አጠገቡ ያሉ ሰፈሮች መነሳት ጀመሩ። ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ አይተናል። እድሩ፣ የቡና ማኅበሩ፣ የአንድ ግቢ ልጆች በየአቅጣጫው ተበተኑ። አንዳንዱ ጎረቤቴ ዛሬ ከተማው ዳር ነው ያለው፤ እሑድ እሑድ ጊዮርጊስ ለመሳም ሁለት ታክሲ ይዞ ይመጣል።

ተከራይ ማወቅ ያለበት ይሄን ነው። ቤት በልማት ሲነሳ ካሳና ምትክ የሚታሰበው ለባለይዞታው ነው። የቀበሌ ቤት ሕጋዊ ተከራይም ምትክ ይታሰብለታል። ከግለሰብ የተከራየ ሰው ግን በዚያ መዝገብ ውስጥ የለም። ስለዚህ ራሳችሁን በውል ጠብቁ። "ቤቱ በመንግሥት ውሳኔ የሚነሳ ከሆነ አከራይ ባወቀ በሦስት ቀን ውስጥ ለተከራይ ያሳውቃል፣ ያልተኖረበትን ቅድሚያ ክፍያ በሙሉ ይመልሳል" የሚል አንቀጽ አስገቡ። ደህና አከራይ አይከራከርበትም።

ከመፈረማችሁ በፊት ወሬውን ከወሬ ለዩት። ወረዳው መሬት ልማት ቢሮ ሄዳችሁ የብሎኩን ሁኔታ ጠይቁ። በግድግዳው ወይም በበሩ ላይ በቀለም የተጻፈ ቁጥር ወይም ምልክት ካለ ለምን እንደተጻፈ ጠይቁ። በቅርቡ የቤት ልኬት ተደርጎ እንደሆነ ከጎረቤት ስሙ። ግቢው ውስጥ ሰዎች ቆርቆሮ መቀየር፣ ቀለም መቀባት ካቆሙ፣ ክረምት ሳይገባ ማንም ጣሪያውን ካላደሰ፣ እነሱ የሰሙት ነገር አለ።

ከዚያ በኋላ መግባት ከመረጣችሁ ቀለል ብላችሁ ግቡ። ትልቅ ቁም ሳጥን አትግዙ። ለእድሳት ብዙ አታውጡ። ቅድሚያውን ወደ አንድ ወር አውርዱት፤ ሰፈሩ እንዲህ በሆነበት ጊዜ ባለቤቱም ይገባዋል። እድሩ ካለ ግን ግቡበት። ለአንድ ዓመት ብቻ የምትኖሩ ቢሆንም ተመዝገቡ። እኛ ግቢ እድሩ እስካሁን አልፈረሰም፤ ከወር ወር እሑድ፣ ቅዳሴ እንደወጣ፣ ከሩቅ የሄዱትም ይመጣሉ።